የስኮትላንድ እንግሊዝኛ አነባበብና አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ

ለውጭ አገር ተማሪዎች በአርአያነት ለረጅም ጊዜ ሲቀርብ የኖረው የብሪታንያ እንግሊዝኛ አነባበብ በደቡብ እንግሊዝ የተማረው ክፍል አነጋገር ነው። ዳንኤል ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው የአነባበብ መዝገበ ቃላት ለዚህ ዐቢይ ድርሻ ነበረው። በዚህ አርአያ የተማረ ሰው ኑሮው በግላስጎው ሲሆን ግን የሐኪሙን ምክር ወይም የአሠሪውን ትእዛዝ ለመከታተል ሊቸገር ይችላል። ምክንያቱ የቃላት እጥረት ሳይሆን፣ ጆሮው የለመደው የድምፅ ሥርዓት ከሚሰማው ጋር አለመግጠሙ ነው። የአንድ አካባቢ አነባበብ የሚለመደውም ነጠላ ድምፆችን በመኮረጅ ሳይሆን ይህን ሥርዓት በማወቅ መሆኑን ሦስት ነጥቦች ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው «ር» ነው። በደቡቡ አነባበብ ከአናባቢ ቀጥሎ የሚመጣ «ር» ሌላ አናባቢ ካልተከተለው አይሰማም፤ በስኮትላንድ ግን በአብዛኛው ይሰማል። አማርኛ ተናጋሪው «ካር» ሲል በምላሱ ጫፍ የሚያወጣው «ር» በደቡቡ መለኪያ እንደ ስሕተት ቢታረምም፣ በስኮትላንድ ከሚሰሙት የ«ር» ዓይነቶች አንዱ ነው። ይሁንና በግላስጎው የሠራተኛ መደብ ወጣቶች ዘንድ ድምፁ እየደከመ በመምጣቱ፣ የአካባቢ ብቻ ሳይሆን የማኅበራዊ መደብም ምልክት ሆኗል።

ሁለተኛው የአናባቢዎች መዋሐድ ነው። ደቡቡ «ሙሉ» እና «ጅል» የሚል ፍች ያላቸውን ሁለት ቃላት በአናባቢያቸው ይለያል፤ በስኮትላንድ ሁለቱም «ፉል» ናቸው። አማርኛም በዚህ ስፍራ ያለው አናባቢ አንድ ካዕብ ብቻ ስለሆነ፣ ተማሪው ብዙ የደከመበት ልዩነት በስኮትላንድ አያስፈልገውም። የስኮትላንዱ አናባቢ ግን ምላስ ከአማርኛው ይልቅ ወደ ፊት ቀረብ ብሎ ይነገራል።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው ርዝመት ነው። ኤ. ጄ. ኤይትከን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳብራራው ሕግ፣ የተወሰኑ አናባቢዎች የሚረዝሙት በ«ር»፣ በ«ቭ»፣ በ«ዝ» እና በመሰል ድምፆች ፊት፣ እንዲሁም በምዕላድ መጨረሻ ነው። ስለዚህ «ብሩድ» የወፍ ጫጩቶችን ሲያመለክት አናባቢው አጭር ነው፤ «ጠመቀ» ሲሆን ግን የመጨረሻው «ድ» የኃላፊ ጊዜ ምዕላድ ስለሆነ፣ ከእርሱ በፊት ያለው አናባቢ ይረዝማል። አማርኛ ቃላትን በአናባቢ ርዝመት አይለይም፤ በተናባቢ መጥበቅና መላላት ግን ይለያል። «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ያመለክታል። የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዲህ የድምፅን ቆይታ መለካት ያውቃል፤ የሚቀረው ትኩረቱን ከተናባቢው ወደ አናባቢው ማዛወር ነው።

ከዚህ በመነሣት ትምህርቱ በማዳመጥ ቢጀመር ይመረጣል። ተማሪው በመጀመሪያ እንደ «ብሩድ» ያሉ ጥንድ ቃላትን በጆሮው ይለይ፤ ቀጥሎ የልዩነቱን ሕግ ይወቅ፤ በመጨረሻም ራሱ ይናገር። የአካባቢውን አነጋገር ሁሉ መውረስ አይጠበቅበትም። የሚነገረውን መረዳትና የራሱን ንግግር ማስረዳት ከቻለ፣ ትምህርቱ ዓላማውን መትቷል።