ግመልና ጋሪ የሌለበት ሞዴል ለሮቢት አይሆንም

ከወልዲያ ወደ ቆቦና አላማጣ የሚወጣው አስፋልት ሮቢትን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። አዲስ አበባን ከመቀሌ የሚያገናኘው ዋና መንገድ ነውና ተሳቢውም አውቶቡሱም በሜዳው ላይ የያዘውን ፍጥነት ይዞ ከተማ ይገባል። ለነዋሪው ግን ይኸው አስፋልት የገበያ መሄጃ፣ ባጃጅ መያዣ፣ ከብት መንጃ ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ በመንገድና ትራንስፖርት ሥራ ላይ ያላችሁ ባለሙያዎች የትራፊክ ሲሙሌሽንን፣ ማለትም የመንገዱን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ሞዴል ማስመሰልን፣ የትልቅ ከተማ ቅንጦት አድርጋችሁ አትዩት። የሰው ሕይወት ሳይጠፋ መፍትሔ መሞከሪያ ነው።

ሶፍትዌሩ አያሳስባችሁ። የጀርመን የአየርና የጠፈር ምርምር ማዕከል የሠራው ሱሞ በነፃ ይገኛል፤ የአንዲት ትንሽ ከተማን ዋና መንገድ በተራ ላፕቶፕ ማስኬድ ይቻላል። የመንገዱን መስመር ከኦፕን ስትሪት ማፕ ታወርዱና ስፋቱን ወርዳችሁ በሜትር ትለካላችሁ።

ድካማችሁን ቆጠራው ላይ አውሉት። የገበያውን ቀንና ተራውን ቀን ለየብቻ፣ በየ15 ደቂቃው፣ በአይነትና በአቅጣጫ ቁጠሩ። እግረኛውን ዜብራ መቀባት አለበት ብላችሁ በምታስቡበት ቦታ ሳይሆን እሱ ራሱ በሚሻገርበት ቦታ መዝግቡት። ሌላ አገር የተሠራ የቆጠራ ቅጽ ብዙውን ጊዜ ግመል የሚጻፍበት ዓምድ የለውም፤ እናንተ ጨምሩለት። ማሽላው ሲሰበሰብ አገዳ የጫነ ግመል የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ሲሄድ፣ ከኋላው የሚመጣው አይሱዙ ወደ ተቃራኒው መስመር ይወጣል። አደጋው የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው፤ ግመሉን የዘለለ ሞዴል ይህን አደጋ ፈጽሞ አያሳይም። ጋሪውም አህያውም እንደዚሁ።

ለፍጥነት መለኪያ ራዳር ከሌላችሁ በ50 ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ምልክት አድርጉና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ርቀቱን በ3 ሰከንድ የጨረሰ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው፤ በ6 ሰከንድ የጨረሰው 30። በደረቅ አስፋልት ላይ አንድ የቤት መኪና በ30 ሲሄድ አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እስኪቆም 17 ሜትር ገደማ ይፈጃል፤ በ60 ግን 45 ሜትር። ጭነት የያዘ ተሳቢ ከዚህም ይረዝማል።

ሶፍትዌሩ ይዞት የሚመጣው አሽከርካሪ ርቀቱን ይጠብቃል፣ መስመሩን አይለቅም። የእኛ ባጃጅ ግን ተሳፋሪ ሲጠራው እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ቅንብሩን ቀይሩት፤ ሞዴሉ የሚያወጣው ፍጥነትና ሰልፍ መንገድ ላይ ከለካችሁት ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ውጤቱን ለማንም አታሳዩ። አንዱን ሁኔታ ደጋግማችሁ፣ የዘፈቀደ መነሻ ቁጥሩን እየቀያየራችሁ አስኪዱና አማካዩን ውሰዱ።

በሞዴሉ ውስጥ መኪኖች በአብዛኛው አይጋጩም፤ ግጭት ጠፋ ብላችሁ ግን መንገዱ ደህና ነው አትበሉ። የምትቆጥሩት ለጥቂት የተረፉትን ነው፦ ሁለቱ እንዳያያዛቸው ቢቀጥሉ ለመጋጨት ስንት ሰከንድ ይቀራቸው ነበር? ብዙ ጊዜ ከ1.5 ሰከንድ በታች ያለው እንደ አደገኛ ይያዛል። ከዚያ አማራጮቹን ሞክሩ፤ በከተማዋ መግቢያ ከፍ ያለ የእግረኛ ማቋረጫ፣ የባጃጅ መቆሚያውን ከማቋረጫው ማራቅ፣ መሃል ላይ የእግረኛ ማረፊያ። አዲስ አበባም ለገሃር መስቀለኛ መንገድን ስታሻሽል በቀለምና በጊዜያዊ ማገጃ ጀምራለች፤ በሞዴል የተሻለ ሆኖ የታየውን ሐሳብ በዚህ መንገድ በርካሽ መሬት ላይ መፈተን ይቻላል።

መንገዱ የፌዴራል በመሆኑ ከተማው በራሱ ጉብታ መሥራት አይችልም፤ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ቆጠራውንና የአሁኑን መንገድ ከመረጣችሁት አማራጭ ጋር ያነጻጸረውን የሞዴል ውጤት አያይዛችሁ ስትጠይቁ ክርክራችሁ ይጠነክራል። ከዚያ በፊት ግን የሲሙሌሽኑን ተንቀሳቃሽ ምስል ለባጃጅ ማኅበሩ፣ ለትራፊክ ፖሊሱና ለአገር ሽማግሌዎች አሳዩ። «እዚህ ጋ እንዲህ አይሄድም» ካሏችሁ ተመልሳችሁ አርሙት።