እናት ከተገላገለች በኋላ፦ የደም ቅዳ መሰንጠቅና ስትሮክ

በሀገራችን እናት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። ምስጋናው የተገባ ነው፤ ሆኖም አደጋው ከምጥ ጋር ያበቃል ማለት አይደለም። በወሊድ ጊዜና ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ስትሮክ የመከሰቱ ዕድል ከፍ ይላል። በወጣት እናቶች ላይ እምብዛም ባያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ሕይወትን ይነጥቃል ወይም ለዘለቄታው የአካል ጉዳት ይዳርጋል።

ከመንሥኤዎቹ አንዱ በአንገት በኩል ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ደም ቅዳ ሥሮች መሰንጠቅ ነው። እነዚህ ሥሮች አራት ናቸው፤ ሁለቱ በአንገት ፊት ለፊት፣ ሁለቱ በኋላ በኩል ይወጣሉ። የሥሩ የውስጥ ሽፋን ሲሰነጠቅ ደም በግድግዳው መካከል ይገባና መተላለፊያውን ያጠብባል፤ በዚያ የረጋ ደምም ወደ አንጎል ሄዶ ሥር ሊዘጋ ይችላል። በእርግዝና ወቅት የሚኖረው የሆርሞን ለውጥ የሥሩን ግድግዳ እንደሚያላላ፣ ምጥና የደም ግፊትም ጫና እንደሚጨምሩበት ይታመናል።

ምልክቶቹ በአንድ ወገን ድንገት የሚነሣ፣ ከዚህ ቀደም ያልታወቀ የአንገት ወይም የራስ ሕመም፣ የአንድ ዓይን ቆብ መውደቅ፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰርና ሚዛን መሳት ናቸው። ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከደም ግፊትም ሊመጡ ይችላሉ፤ ልኬቱ 160/110 ከደረሰ አስቸኳይ ሕክምና ያሻል።

ይህን «ምች ነው»፣ «ብርድ ነው» ብሎ ማሳለፍ ጊዜን ያባክናል፤ አንገቷን በወጌሻ ማሳሸትም ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው አንጎል በምርመራ መሣሪያ ከታየ በኋላ፣ ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት መዝግቦ፣ ምግብም ሆነ መጠጥ ሳይሰጡ፣ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

አራሷ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን እስኪሞላ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም። አደጋው የሚበረታባቸው ሳምንታት ከእነዚህ ቀናት ጋር ይገጥማሉ። በዚህ ጊዜ ጠበል ሊረጩ ወደ ቤቷ የሚገቡት ካህናት ናቸው። እንግዲህ የንስሐ አባት «ራስሽን ወይም አንገትሽን ያምምሻል? ዓይንሽ ይጋረዳል?» ብለው ይጠይቁ። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበርን ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ሰበካ ጉባኤያትም የአምቡላንስ ስልክ ቁጥርን በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፉ፣ ለድንገተኛ መጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ እንዲይዙ፣ እናቶች ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት እንዲመረመሩና የደም ግፊታቸውን እንዲለኩ ከቅዳሴ በኋላ እንዲያስታውቁ አደራ እንላለን።