እንጦጦ ላይ ዝም ያለ ሞተር አዋሽ ላይ ለምን ያንኳኳል?

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ትልልቅ መኪኖችን ይፈትናል። ቦሌ መንገድ ላይ እንደ ልቡ የሚፈተለከው ባለ ስምንት ሲሊንደር የመስክ መኪና እዚህ ሲደርስ ቤንዚን መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦም ይለግማል። አሽከርካሪው ጥፋቱን ወዲያው ቤንዚኑ ላይ ይጥላል። “ኦክቴኑ ዝቅተኛ ነው” ይልና መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ ኦክቴን ከፍ ያደርጋል የተባለ ብልቃጥ ገዝቶ ታንኩ ውስጥ ይገለብጣል። መኪናው በማግስቱም ያው ነው፤ ጉልበቱን የነሳው ቤንዚኑ ሳይሆን አየሩ ነውና።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት 100 ቢባል፣ መገናኛ ላይ 75 ገደማ፣ እንጦጦ ራስ ላይ 70 ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል። ስለዚህ በፋብሪካ ወረቀቱ 300 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መኪና መገናኛ ላይ የሚያወጣው 225 ገደማ ነው፤ እንጦጦ ላይ ወደ 210 ይወርዳል። የትኛውም ብልቃጥ ይህን አየር አይመልሰውም።

ኦክቴን የቤንዚን የጉልበት መለኪያ አይደለም። ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ታምቆ ሲግል፣ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ እንዳይቀጣጠል የሚያሳየውን ትዕግሥት የሚለካ ቁጥር ነው። ካንዴላው ብልጭ ሲል እሳቱ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር ይጓዛል። ትዕግሥት የሌለው ቤንዚን ግን እሳቱን ሳይጠብቅ ዳር ላይ በራሱ ቦግ ይላል፤ ከዚህ የሚነሣው የግፊት ሞገድ ፒስተኑንና ቴስታታውን ይደበድባል። ሹፌሮች “ሞተሩ ያንኳኳል” የሚሉት ይህንን ነው።

ስስ አየር ጉልበት ቢነሳም በዚህ በኩል ውለታ አለው። ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ሲያንስ ግፊቱም ሙቀቱም ስለሚቀንስ፣ ሞተሩ ዝቅ ባለ ኦክቴንም ሳያንኳኳ ይሠራል። ኮሎራዶን በመሳሰሉ ከፍተኛ የአሜሪካ ግዛቶች በሌላው አገሩ ከተለመደው 87 ዝቅ ያለ የ85 ኦክቴን ቤንዚን የሚሸጠው ለዚህ ነው። የአዲስ አበባው የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪም ሳያውቀው በዚህ ውለታ ይኖራል። ችግሩ ቁልቁል ሲወርድ ይጀምራል። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለ የቤንዚን ሞተር እንዲሁ የሚተካ ዕቃ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሞተሩ ምን ያህል ኦክቴን እንደሚፈልግ ለማወቅና ቆላ ሲወርድ ከጉዳት ለመጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን መለየት ነው። አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ ተሳቢውና አብዛኛው የገጠር ላንድክሩዘር በናፍጣ የሚሄድ ስለሆነ የኦክቴን ነገር አይመለከተውም። ናፍጣ የሚለካው ሴቴን በሚባል ሌላ ቁጥር ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ደግሞ ነዳጁ ታምቆ ሲግል ቶሎ በራሱ መቀጣጠሉ ነው። “ዳገት ላይ ይነቃል” እየተባለ ናፍጣ ላይ ቤንዚን የሚቀላቅል ሰው ሴቴኑን ያወርደዋል፤ የናፍጣውን ቅባትነት ስለሚያጠፋም ፓምፑን ይበላዋል። እንጦጦ ላይ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ቱርቦ አልባ የናፍጣ መኪና አየር አጥሮት ነው፤ የአየር ፊልትሮውን ያጽዱለት፣ ፓምፑንም በባለሙያ ያስለኩ።

የቤንዚን መኪና ከሆነ የነዳጅ መክፈቻውን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ወይም የመኪናውን መጽሐፍ ያንብቡ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከገልፍ አገሮችና ከአውሮፓ የሚመጣ መኪና የሚጽፈው አር.ኦ.ኤን የሚባለውን መለኪያ ሲሆን፣ ከአሜሪካ የመጣው ግን ኤ.ኬ.አይ የሚባለውን ይጽፋል። የአሜሪካው 87 ከሌላው ዓለም 91 ጋር፣ የአሜሪካው 91 ደግሞ ከ95 ጋር ይቀራረባል። ከአሜሪካ በገባ መኪና ላይ 91 የሚል አይቶ “የኔ ዝቅተኛውን ነው የሚፈልገው” ብሎ የተዝናና ባለቤት ተሳስቷል፤ መኪናው የሚፈልገው ከፍተኛውን ነው።

የተለመደው ማደያችን ቤንዚንን በኦክቴን ደረጃ ለይቶ አይሸጥም። ምርጫው ንጹሕና ትኩስ ቤንዚን በመቅዳት ላይ ብቻ ነው፤ ይህም ቀላል ምርጫ አይደለም። ጥቂት ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ኦክቴኑ ክፉኛ ይወርዳል፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ በሚገኝ ዴፖ በ2001 ዓ.ም የፊንጫኣ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መደባለቅ ተጀምሮ በ2003 ዓ.ም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖል ብቻውን ሲለካ ኦክቴኑ ከ100 በላይ ስለሆነ ድብልቁን ከፍ ያደርገዋል። ነገር ግን ውኃ ይስባል፤ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ክረምቱን ሙሉ በቆመ መኪና ታንክ ውስጥ ሲከርም ኤታኖሉ ከውኃው ጋር ተለይቶ ወደ ታች ሊዘቅጥና ላይ የቀረው ቤንዚን ኦክቴኑ ሊያንስ ይችላል።

አንድ አቋራጭ አለ፦ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብር ከሆነ ወዲህ የት፣ መቼና በስንት ብር እንደቀዱ መልእክቱ ስልክዎ ላይ ይቀመጣል። አይሰርዙት። ሞተሩ ድንገት ማንኳኳት ሲጀምር የመጨረሻው ቤንዚን ከየት እንደተቀዳ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መዝገብ የለም።

ቀጥሎ ማዳመጥ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። ከኮተቤ ወደ ካራ የሚወስደው የደሴ መንገድ ዳገት ስላለው ይመቻል፤ ተሳቢና አውቶቡስ ሳይበዛ እሑድ በማለዳ ይሂዱ። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙውን ጊዜ አያንኳኳም፤ ስለዚህ መኪናው አስቀድሞ ቢያንስ 20 ደቂቃ ተነድቶ በደንብ ይሙቅ። ሬዲዮውንና ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፤ መስኮቱን ዝቅ ያድርጉ። በሦስተኛ ማርሽ፣ የሞተሩ ዙር ከ1,500 እስከ 2,000 ባለው መካከል ሳለ፣ ቤንዚን መስጫውን ሦስት አራተኛ ያህል ረግጠው ለሦስት ወይም ለአራት ሰከንድ ያዳምጡ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን በእጅ ይያዙት፤ አለዚያ መኪናው ራሱ ማርሽ ቀይሮ ያመልጥዎታል። በግንብ አጥር አጠገብ ሲያልፉ ድምፁ ተመልሶ ስለሚመጣ ይበልጥ ይለያል።

የሚፈለገው ድምፅ ቀጭንና ብረታማ ነው፤ ሳንቲም የያዘ ቆርቆሮ ጣሳ ሲንኮሻኮሽ ይመስላል። ሲረግጡ ይመጣል፣ እግርዎን ሲያነሡ ወዲያው ይጠፋል። ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋው ሌላውን ድምፅ ከዚህ ጋር በማምታታት ነው። መኪናው ቆሞም ቢሆን ዙሩን ተከትሎ ጠቅ ጠቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ክፍተት ነው። በተወሰነ ዙር ላይ ብቻ የሚንዘረዘረው የማርሚታው መከለያ ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል። ከሥር የሚሰማ ወፍራም ምት ከሆነ ግን ስለ ቤንዚን ማሰብ ትተው መኪናውን ያቁሙ፤ የውስጥ ብረት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ካራ ዳገት ላይ ምንም ካልሰሙ “ሞተሬ ደኅና ነው” ብለው አይደምድሙ። የሰሙት የከፍታውን መልስ ብቻ ነው።

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ለከፍታ ተስተካክሎ ቆላ በሚወርድ ሞተር ላይ ስለሆነ ዲስትሪቢዩተር ያለው የቀድሞ የቤንዚን ፒክአፕ ወይም ላንድክሩዘር ባለቤት ቀጥሎ ያለውን ሁለቴ ያንብብ። መኪናው “ጉልበት አነሰው” ተብሎ ጋራዥ ሲገባ መካኒኩ ዲስትሪቢዩተሩን ጥቂት ዲግሪ ያዞረዋል፤ የካንዴላው እሳት ቀደም ብሎ ይመጣል። ከፍታ ላይ ይህ ትክክለኛ ብልሃት ነው፤ በስስ አየር ቃጠሎው ስለሚዘገይ ቀድሞ መለኮሱ ይረዳዋል፣ መኪናውም ይነቃል። ባለቤቱ ይደሰታል፣ የተደረገውንም ይረሳል።

ከወራት በኋላ ያው መኪና ቤተሰብና ዕቃ ጭኖ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ አዋሽ ወደ 1,000 ይጠጋል፤ እዚያ የአየር ግፊቱ ወደ 90 ከፍ ይላል። ሲሊንደሩ በየዙሩ ከለመደው በላይ አየር ይታመቅበታል፣ የሚገባው አየር ራሱ ሙቅ ነው፣ ጭነቱ ከባድ ነው፣ እሳቱ ደግሞ አሁንም ለእንጦጦ እንደተቀደመ ነው። በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም የሚሄደውም ከጎሐጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርድና ከዚያ ሙቀት ውስጥ ወደ ደጀን በዝቅተኛ ማርሽ ይወጣል። መኪናው ቆላ ውስጥ ጉልበት ስለሚያገኝ ሹፌሩ ደስ ብሎት ይረግጣል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ማቀዝቀዣው እየሠራ ማንኳኳቱ አይሰማም። ረዥም ማንኳኳት የፒስተን ቀለበት መቀመጫ ይሰብራል፣ የቴስታታውን ጉዋርኒሲዮን ያቃጥላል፣ ሲብስም ፒስተኑን ይበሳል።

ስለዚህ ማንም ሰው ዲስትሪቢዩተሩን ከመንካቱ በፊት፣ ከዲስትሪቢዩተሩ አንገት ወደ ሞተሩ አካል የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር ይደረግበት። በነጭ ቀለም የሚያሰምሩ አሉ፤ ዘይት ስለሚያጠፋው በሹል ብረት መጫሩ ይሻላል። ይህ የፋብሪካው ቦታ ነው። ከፍታ ላይ ከተቀደመ በኋላ ሁለተኛ መስመር ይጫር። ወደ አዋሽ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ወደ አፋር ከመውረድዎ በፊት ዲስትሪቢዩተሩ ወደ መጀመሪያው መስመር ይመለስ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። መካኒኩ “አያስፈልግም” ቢልዎት እንኳ ይለምኑት።

ከቆላ ጉዞ ሲመለሱ ካንዴላዎቹን አስፈትተው በፀሐይ ብርሃን ይዩ። ደኅና ሞተር ካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ቀላል ቡናማ ወይም ግራጫ ቀለም ይተዋል። ሸክላው ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ ሞተሩ አንኳኩቷል። በመሐላቸው የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ፍንጣሪ ከታየ ደግሞ ፒስተኑ መበላት ጀምሯል ማለት ነው፤ ያ መኪና ሳይታይ ሌላ ጉዞ አይውጣ። ቀይ ብርቱካናማ ሽፋን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ብረት ካለባቸው የኦክቴን ብልቃጦች ነው፤ ሲከማች ካንዴላውን ያደክማል።

አዳዲሶቹ የመስክ መኪኖች ማንኳኳትን የሚሰማ ሴንሰር አላቸው። ኮምፒውተሩ ድምፁን ገና ሲጀምር ሰምቶ እሳቱን ያዘገየዋል፤ ሹፌሩ ምንም አይሰማም፣ መኪናው ብቻ ይደክማል፣ ቤንዚንም ይበላል። ለእነዚህ ጆሮ አይበቃም። ስልክ ላይ የሚነበብ የምርመራ መሣሪያ ሰክተው የእሳቱን ዲግሪ ይከታተሉ፤ በተመሳሳይ ዳገትና በተመሳሳይ አረጋገጥ ከቀድሞው በብዙ ዲግሪ የዘገየ ከሆነ ቤንዚኑን ይጠርጥሩ። ባለ ቱርቦ ከሆነ ከፍታው አይከልለውም፤ ቱርቦው የጎደለውን አየር ገፍቶ ስለሚያስገባ፣ ክዳኑ ላይ 95 ተብሎ የተጻፈ ቁጥር የካ ላይም 95 ነው።

መንገድ ላይ ማንኳኳት ከጀመረ አይታገሉት። እግርዎን ያላሉ፣ አንድ ማርሽ ወደ ታች ይቀይሩና ዙሩ ከፍ ይበል፤ በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ማስጨነቅ ነው የሚያብሰው። ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን የሚያጠራጥር ከሆነ ግማሽ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ከታወቀ ማደያ ትኩስ ይጨምሩበት። የራዲያተሩን ውኃ ሞተሩ ሲበርድ ይዩ፤ የጋለ ሞተር በደኅና ቤንዚንም ያንኳኳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተወው ዲስትሪቢዩተሩ ከፋብሪካው መስመር ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይመለስ፤ ጉልበቱ ጥቂት ቢቀንስም እስከ ቤት ያደርሳል። እዚያ ሲደርሱ ሲሊንደሩ ውስጥ የተጠራቀመ ካርቦን ካለ ይጸዳ፤ ካርቦን የመታመቂያውን ቦታ ስለሚያጠብ ኦክቴን ያስጠይቃል።