የሸክላ ማጫወቻን በጥቂት ገንዘብ ስለ ማሻሻል

ከወረታና ከአካባቢው ለትምህርት የወጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ ከአባት ወይም ከአጎት ቁም ሣጥን ላይ ጥቂት አሮጌ ሸክላዎች ማግኘታችን እንግዳ ነገር አይደለም። የማጫወቻ ዋጋ ግን ከተማሪ ኪስ ጋር አይስማማም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዘመድ ከውጭ አገር ያመጣው ርካሽ ማጫወቻ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ማጫወቻ የያዘ ጓደኛ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ በየትኛው ክፍል ላይ ቢያውላት እንደሚጠቀም ለማስረዳት የሚሞክር ነው።

አስቀድሞ ሸክላዎቹ ምን እንደ ሆኑ ማወቅ ይገባል። አምኃ እሸቴ የሙዚቃ ማሳተሚያውን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፥ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና ጥቂት ትልልቆች አውጥቷል። ካይፋም እንዲሁ በ1970ዎቹ ብዙ አሳትሟል። ቀጥሎ ካሴት መጣና ሸክላ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራው ብዙዎቹን ዘፈኖች በፈረንሳይ አገር እንደ ገና አውጥቷቸዋል። ያልወጡትን ግን በአብዛኛው የምናገኛቸው በዚያው በአሮጌው ሸክላ ቦይ ውስጥ ነው። መርፌው ያንን ቦይ ከፋቀው ሌላ ቅጂ ከየት ይመጣል?

ወደ ማጫወቻው እንለፍ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ገንዘብ ከማውጣት በፊት አንድ ነገር መመርመር አለበት፤ ይኸውም ሞተሩ ነው። በአሜሪካ ኤሌክትሪኩ 120 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ በእኛ አገር ግን 220 ቮልት ሆኖ የሚመላለሰው 50 ጊዜ ነው። አንዳንዶቹ ማጫወቻዎች ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከዚሁ ምልልስ ነው። ብዙ ሰው ትራንስፎርመር ገዝቶ ቮልቱን ካስተካከለ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ምልልሱን አይለውጥም። ስለዚህ 45 ዙር መዞር የሚገባው ሸክላ 37 ዙር ተኩል ብቻ ይዞራል፤ ድምፁም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ቀጭኑ ዘፋኝ ጎርናና ይሆናል፤ ትዝታውም ከልክ በላይ ይጎተታል፤ ሰሚውም ሸክላው ያረጀ ይመስለዋል። መፍትሔው በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን፥ የላስቲክ ቀበቶው የሚጠመጠምባትን ትንሽ ፑሊ መለወጥ ነው። ለ50 ምልልስ የምትሠራዋ በወርዷ ከአሜሪካዊቷ በአንድ አምስተኛ ትበልጣለች። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለብቻዋ ይሸጧታል፤ ልኩን አስተካክሎ የሚሠራ የብረት ቀራጭም ሊያወጣት ይችላል። ከግድግዳው በትንሽ አዳፕተር አማካይነት 9 ወይም 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት ማጫወቻዎች ግን ይህ ችግር የለባቸውም።

ቀበቶው ራሱ ከላላ ድምፁ ይዋልላል፤ በተለይ ረጅም የክራር ወይም የሳክስፎን ድምፅ ላይ ይታወቃል። አዲስ ቀበቶ ርካሽ ነው፥ መለወጡም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ድምፁ የሚፈጠረው መርፌው የቦዩን ግድግዳ በሚነካበት ነጥብ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሽቦና ማጉያ ሁሉ ከዚያ ነጥብ ያገኘውን ያስተላልፋል እንጂ የጠፋውን አይፈጥርም። እንግዲህ የመጀመሪያው ብር ለመርፌው ይሁን ማለት ነው።

የመርፌ ጫፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ርካሹ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ስፋቱ ከመካከል እስከ ዳር 18 ማይክሮን ያህል ይሆናል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ሁለተኛው ዓይነት እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ የሚነካው ጎኑ 8 ማይክሮን ያህል ነው። ይህ ልዩነት ለምን ያስፈልጋል? ትንሽ ሒሳብ እናድርግ። ባለ 45 ዙር ሸክላ መጨረሻው ላይ የዙሩ ወርድ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በሰከንድ ከመርፌው ሥር የሚያልፈው 26 ሴንቲ ሜትር ቦይ ነው። በሰከንድ 10,000 ጊዜ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ፥ ለምሳሌ የጸናጽል ሽው ሽውታ፥ በዚያ ላይ ሲጻፍ እያንዳንዱ ሞገድ 26 ማይክሮን ብቻ ይይዛል፤ ግማሹ 13 ማይክሮን ነው። የ18 ማይክሮኑ ኳስ በእንዲህ ያለ ጠባብ መታጠፊያ ውስጥ በሚገባ ሊገባ አይችልም። ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ «ስ» እና «ሽ» የሚሻክሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሞላላው ይገባል።

ይህ ማለት ሁላችንም ሞላላውን እንግዛ ማለት ነውን? እኔ እንዲህ አልልም። በጭፈራ ቤትና በሰርግ ላይ ሺሕ ጊዜ የተጫወተ ሸክላ ከሆነ ሞላላው መርፌ ዜማውን ብቻ ሳይሆን ጭረቱንም ሁሉ አጥርቶ ያሰማል። ለእንዲህ ያለው አዲስ ክብ መርፌ ይሻላል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው። የሚያዋጣው አንዱን የመርፌ ቤት ይዞ መርፌውን ብቻ መለዋወጥ ነው። የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 የሚባለው የመርፌ ቤት ክቡንም ሞላላውንም ከዚያ የረቀቁትንም መርፌዎች ይቀበላል። የኦርቶፎን 2ኤም ሬድ የያዘም ቤቱን ሳይለውጥ ሰማያዊውን መርፌ ሊያስገባበት ይችላል። ኤቲ ኤልፒ60 የመሰለው ርካሽ ማጫወቻ ግን የመርፌ ቤቱ ከክንዱ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ የሚለወጠው መርፌው ብቻ ነው፤ ቢሆንም ይለወጥ። በሻንጣ ውስጥ የተሠሩትንና መርፌያቸው በ5 ግራምና ከዚያም በላይ የሚጫነውን ማጫወቻዎች በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ለማሻሻል ገንዘብ አይውጣባቸው፥ የአባት ሸክላም አይቀመጥባቸው።

አልማዝም ቢሆን ያልቃል። ሠሪዎቹ እንደ ጫፉ ዓይነት ከ300 እስከ 1,000 ሰዓት ይሰጡታል። ያለቀ መርፌ በሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዝ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ እንደ መሮ ግድግዳውን ይልጋል። ዕድሜው የማይታወቅ መርፌ ያለበት ማጫወቻ የተሰጠው ሰው፥ ድምፁ ደኅና ቢመስለውም፥ አዲስ መርፌ ሳያስገባ አንድም ሸክላ ባይነካ መልካም ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ከካቻቢቴና ከትዕግሥት በቀር ምንም አይጠይቅም። ክንዱ ከኋላው የሚዞር ክብደት ካለው፥ መርፌው ሳይነካ በአየር ላይ እንደ ሚዛን እስኪቆም ድረስ ይዙሩት፤ ቁጥሩን ዜሮ ያድርጉት፤ ከዚያ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ይጫኑት። ለቪኤም95 ሞላላ መርፌ 2 ግራም ነው። የወርቅ ሠሪ ትንሽ ሚዛን የሚያውሰን ከተገኘ ይበልጥ ይታመናል። ብዙዎች ሸክላውን እናድን ብለው ከታዘዘው በታች ያቀሉታል፤ የቀለለ መርፌ ግን በቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ስለሚመታ ጉዳቱ ይብሳል። የመርፌው ቤት በቀጥታ መቆሙን የሚያሳየው መለኪያ ደግሞ በወረቀት ታትሞ የሚገኝ ነው።

የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን የአገራችንን ጠላቶች ያውቃል። በበጋ የሩዙ ማሳ ሲደርቅ አቧራው ይነሣል፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ እርጥበቱ ቤት ውስጥ ይገባል። አቧራው በቦዩ ውስጥ ሆኖ መርፌው ሲያልፍበት እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርዳል፤ እርጥበቱ ሻጋታ ያበቅላል። ለስላሳ ብሩሽና ክዳን ከማናቸውም ውድ ዕቃ ይቀድማሉ። የቤቱ ወለል ጣውላ ከሆነ ሰው ሲራመድ መርፌው ይዘላል፤ ማጫወቻውን ከግድግዳ ጋር በተመታ መደርደሪያ ላይ ማድረግ ይረዳል። ወይም የብስክሌት ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ በግማሽ ነፍቶ፥ በላዩ ከባድ ጣውላ አጋድሞ፥ በውሃ ልክ ማስተካከል ነው። ሲያዩት ያስቃል እንጂ በደንብ ይሠራል።

ከመርፌ የሚወጣው ኤሌክትሪክ 5 ሺሕኛ ቮልት ያህል ብቻ ነው። ደግሞም ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ቀጭኑ ከፍ ይደረጋል፤ ይህም ሥርዐት ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ደንብ ተወስኗል። ይህን መልሶ የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ከሌለ ድምፁ እንደ ጣና ዳር ትንኝ ቀጥኖ ይሰማል። ብዙዎቹ አዳዲስ ማጫወቻዎች በውስጣቸው ይዘውታል፤ የሌለው ርካሹን ቢገዛ ይበቃዋል። ውድ ሽቦ ግን፥ ነጋዴው የፈለገውን ቢል፥ ለተማሪ አይደለም።

በመጨረሻ፥ ከሸክላዎቹ መካከል በ78 ዙር የሚጫወት ወፍራምና ተሰባሪ ቢገኝ፥ ከላይ የተባሉት መርፌዎች አይሆኑትም። የእነ ተሰማ እሸቴ ዘመን ሸክላዎች ቦያቸው ሰፊ ስለ ሆነ 70 ማይክሮን ያህል ጫፍ ያለው መርፌ ይፈልጋሉ፤ ቀጭኑ መርፌ ከታች ባለው ቆሻሻ ላይ ይንሸራተታል። ለቪኤም95 ቤት እንዲህ ያለውም መርፌ ይሸጣል፤ የሚጫነው ግን በ5 ግራም ያህል ስለ ሆነ ክንዱን እንደ ገና መመዘን ያስፈልጋል፤ ወደ ባለ 45 ዙሩ ሲመለሱም እንዲሁ።