ከተቃጠለ ሞተር የሚወጣ መዳብና የቆራሌዎች የቃል ስምምነት

በደረስጌ፣ በደባርቅና በዳባት አካባቢ የሚሠሩ ቆራሌዎች ከወፍጮ ቤት፣ ከውኃ መሳቢያ ወይም ከማቀዝቀዣ የወጣ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲገዙ አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው የማፍረስ ጉልበቱንና መሣሪያውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ማጓጓዣውን አምጥተው ከመዳቡ ሽያጭ ለመካፈል በቃል የሚስማሙ ከሆነ፣ ይህ ስምምነት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1675 «ውል» ብሎ ከሚጠራው ነገር የተለየ አይደለም። ውል ማለት ንብረትን የሚመለከት ግዴታን ለማቋቋም፣ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት ሰዎች የሚያደርጉት ስምምነት ሲሆን፣ አንቀጽ 1719 ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር በጽሑፍ እንዲሆን አያስገድድም። ስለዚህ «ወረቀት የለምና ውል የለም» የሚለው በገበያ የተለመደ ክርክር በሕግ ፊት ስህተት ነው፤ ባዶ እጁን የቀረው ባልደረባ ይህን ሳያውቅ መብቱን መተው የለበትም።

ሆኖም ውሉ መኖሩ አንድ ነገር፣ መኖሩን ማስረዳት ሌላ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አንቀጽ 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚለውን ወገን የግዴታውን መኖር እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ጽሑፍ የቆራሌውን ጉልበት ይጠብቃል። ተዋዋዮች ውላቸውን በጽሑፍ ለማድረግ ከመረጡ በአንቀጽ 1727 መሠረት የሚገደዱት ሁሉ እንዲፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች እንዲያረጋግጡት ያስፈልጋል፤ ማንበብ የማይችል ወይም ዐይነ ስውር የሆነ ሰው የሚያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ግን በአንቀጽ 1728 መሠረት ሥልጣን ባለው አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ፊደል ያልቆጠረውን ባልደረባ በአሻራው ብቻ ማሰር የሚቻል የሚመስላቸው ብዙዎች ስለሆኑ ይህ ነጥብ በተለይ ሊታወስ ይገባል።

በጽሑፉ ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ ጠብ የሚያስነሣው ሚዛኑ ነው። በተለመደው የኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ሞተር መዳቡ በብዛት የሚገኘው ስቴተር በሚባለው፣ በማይሽከረከረው ክፍል ላይ በተጠቀለለው ሽቦ ሲሆን፣ ሮተር የሚባለው ተሽከርካሪ ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ በብረት ውስጥ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው፤ ከዚህም በላይ አንዳንድ ሞተሮች ስቴተራቸው ራሱ ቀለም በተቀባ የአሉሚኒየም ሽቦ የተጠቀለለ በመሆኑ በቢላ ሲፋቅ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ምክንያት «ግማሽ በግማሽ» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አይደለም፤ ድርሻው የሚሰላው ከጸዳ መዳብ ክብደት ነው ወይስ ከሽያጭ ገንዘብ፣ የማጓጓዣው ወጪ የሚቀነሰው ከመከፋፈሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የብረቱስ ቀሪ የማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት መልስ ሊያገኙ ይገባል። ይህ ሁሉ ሳይነገር ዕቃው በጋራ ከተገዛ፣ ስለ ጋራ ባለቤትነት ከአንቀጽ 1257 ጀምሮ የተደነገጉት ሕጎች ድርሻዎች እኩል እንደሆኑ ይገምታሉና፣ የበለጠ ገንዘብ ያወጣው ሰው ብልጫውን ራሱ ማስረዳት ይኖርበታል።

የአንድ ጊዜ ግዢ ሲደጋገምና ቋሚ ሥራ ሲሆን ግንኙነቱ መልኩን ይቀይራል። በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ውስጥ ያለው «የእሽሙር ማኅበር» ለሦስተኛ ወገን ሳይገለጥ በአባላቱ መካከል ብቻ የሚኖርና የሕግ ሰውነት የሌለው ማኅበር ስለሆነ የቆራሌዎችን ልማድ በቅርብ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕጋዊ ሰውነት አለመኖሩ ማለት በውጭ ላለው ገዢ የሚገደደው ውሉን በስሙ ያደረገው ባልደረባ ነው ማለት ነው። ንግዱ ራሱ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑ አይዘነጋም።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን ሞተሩ ከየት መጣ የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1716 ሕገ ወጥ ግዴታ የሚያመጣን ውል ዋጋ ያሳጣዋል፤ ስለዚህ ተሰርቆ መሆኑን እያወቁ የፈቱትን ሞተር ለመካፈል የተስማሙ ሰዎች በድርሻ ተጣልተው ፍርድ ቤት ቢመጡ ዳኛው ድርሻውን አያስከፍላቸውም፤ እንዲያውም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 የተመለከተው የስርቆት ወንጀል ወይም አንቀጽ 682 የሚቀጣው የተሰረቀን ነገር የመሸሸግ ወንጀል ይጠብቃቸዋል። ከኤሌክትሪክ መስመርና ከትራንስፎርመር የሚመጣ መዳብ ደግሞ አውታሮችን ለመጠበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 ስለሚሸፈን፣ እንደ ቀላል ስርቆት ታይቶ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የአንድ መንደር ወፍጮ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት በሙሉ በጨለማ የሚቀሩበት ጉዳት ነው። ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር፣ የተገዛበት ቀንና ዋጋ በአንድ ደብተር ሰፍሮ ሻጩ ሲፈርምበት ቆራሌው በቅን ልቡና መግዛቱን የሚያሳይበት ማስረጃ ያገኛል። ይህ ጥንቃቄ እያለ እንኳን ዕቃው የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ባለቤቱ ሊያስመልሰው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የገዢዎቹ መንገድ ዋጋውን ከሸጠላቸው ሰው መጠየቅ ነው።

መዳቡን ወደ ጎንደር ወይም በአዲስ አበባ መርካቶ ወዳለው ምናለሽ ተራ ይዞ የሚሄደው ባልደረባ ለሌሎቹ ወኪል ስለሆነ፣ ስለ ውክልና ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2199 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት ሂሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በዋጋ ዋሽቶ ልዩነቱን ማስቀረት አይፈቀድለትም። ይህን ገንዘብ ወይም መዳቡን ለራሱ ካደረገው የእምነት ማጉደል ወንጀል (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675) ሊቋቋም ይችላል። ግን ሽያጩን በሐቅ ነግሮ በመክፈል ብቻ የዘገየ ሰው ባለዕዳ እንጂ ወንጀለኛ አይደለም፤ ሁለቱን ሳይለዩ ወደ ፖሊስ መሮጥ አቤቱታውን ያዳክመዋል።

ጉዳዩ በሽማግሌ ሲያልቅ ስምምነቱ ተጽፎ ይፈረም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 በተዋዋዮች መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ዓይነት ኃይል ይሰጠዋል። ሽማግሌ ካላስማማ ክሱ ለወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ አንቀጽ 1845 የሚፈቅደው አጠቃላይ የይርጋ ጊዜ 10 ዓመት ቢሆንም፣ የሚዛኑን ቁጥር ያየ ምስክርና ሻጩ የፈረመበት ደብተር ግን እስከዚያ ላይቆዩ ይችላሉ።