ጭስ ማውጫዎን ማን አየልዎት? የጅማ ማድ ቤት ፍተሻ ደረጃ በደረጃ

ጅማ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው ቆርቆሮው ሲያፈስ ማንን እንደሚጠራ ያውቃል። መብራት ሲበላሽም፣ ሽንት ቤት ሲሞላም፣ በር አልዘጋ ሲልም ስልኩ ውስጥ የሚደውልለት ሰው አለው። ለጭስ ማውጫ ግን ማንም አይደውልም። ቢደውልስ ለማን? ጀርመን አገር ጭስ ማውጫ ጠራጊነት የታወቀ ሙያ ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰው ጊዜውን ጠብቆ መጥቶ የሚያየውም ሕግ ስለሚያዝ ነው፣ የቤቱ ባለቤት ስለፈለገ አይደለም። ከአጋሮ እስከ ሰርቦ፣ ከሊሙ ገነት እስከ ሸቤ ባሉት የቡና ከተሞቻችን እንዲህ ያለ ባለሙያ በስሙ የለም። ስለዚህ ፍተሻውን ከሁለት ሙያ አዋጥተን እናሠራለን፦ ከብረታ ብረት ሠራተኛና ከግንበኛ። እነሱም ቢሆኑ ምን እንዲያዩልን ካልነገርናቸው ወጥተው መውረዳቸው ብቻ ትርፍ ይሆናል።

የሚያሰጋው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው እሳት ነው። ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከቀዘቀዘ፣ የያዘው እንፋሎትና ቅጥራን ጤዛ ሆኖ ቱቦው ላይ ይለጠፋል። ይደርቃል፤ በላዩ ሌላ ይደረብበታል። ይህ ጥቀርሻ ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን ራሱ ማገዶ ነው። አንድ ቀን የምጣዱ ነበልባል ረዝሞ ሲደርስበት ይያያዛል፣ ሙቀቱም ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ የታፈነው ሰው መታፈኑን ሳያውቅ ይደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እንደሞቱ ይገምታል።

የጅማ ማገዶም የራሱ ጠባይ አለው። ያረጀ ቡና ከመሬት 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲጎነደል፣ ግንዱና ቅርንጫፉ ተፈልጦ ወደ ማድ ቤት ይገባል። ጥሩ እንጨት ነው፤ ገና እርጥብ ሳለ ከነደደ ግን ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ውሃ በማፍላት ያልቅና ቀዝቃዛና ወፍራም ጭስ ይሰጣል። ባሕር ዛፉም ቢሆን ያው ነው። የቡና ገለባ ደግሞ ነበልባል ሳያወጣ ውስጥ ለውስጥ ስለሚጨስ የባሰ ነው። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ አገር ደረቅ እንጨት ክረምቱን ሙሉ ማቆየት ቀላል እንዳልሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ የእኛ ጭስ ማውጫ ደረቅ አገር ካለው ቀድሞ ይደፈናል፣ ቆርቆሮውም ቀድሞ ይበላል።

አንደኛ፦ ወሩን ይምረጡ። የካቲትን እመርጣለሁ። ቡናው ተለቅሞ ደርቋል፣ ከሽያጩም እጅ ላይ ትንሽ ገንዘብ አለ፣ ጣሪያውም ደረቅ ነው። መጋቢት ሲገባ ዝናቡ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሰው ማውጣት ሌላ አደጋ መጥራት ነው። በየቀኑ እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥ ቤት ግን በዓመት አንዴ አይበቃውም፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ይድገመው።

ሁለተኛ፦ ማውጫዎ ከምን እንደተሠራ ይወቁ። ብዙው ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ወስደው ይዩት። ከቤት ክዳን የተረፈ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ የተሠራ ቱቦ በጣም ስስ ነው፤ ከውስጥ የጥቀርሻው አሲድ፣ ከውጭ ዝናቡ ይበላዋል። መጀመሪያ የሚበሳውም በስፌቱ በኩል ነው። ወፈር ካለ ላሜራ የተበየደ ቱቦ ብዙ ዓመት ይቆያል። የውሃ ወይም የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ ለጭስ የተጠቀመ ሰው ካለ ፍተሻም አያስፈልገውም፣ ዛሬውኑ ያውጣው። ያ ፕላስቲክ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በታች መልፈስፈስ ይጀምራል፣ ሲቃጠልም መርዘኛ ጋዝ ይለቃል። በብሎኬት ወይም በጡብ የተገነባ ማውጫ ካለዎት ደግሞ የሚያሳስበው በድንጋዮቹ መካከል ያለው ሲሚንቶ ነው፤ እየተፈረፈረ ሲሄድ ጭሱ ወደ ጎን መንገድ ያገኛል።

ከሲሚንቶ ተቀርጾ የሚሸጠው ምርጥ ምድጃ ያላቸው ሰዎች «የእኛማ ዘመናዊ ነው» ብለው ያልፉታል። ምድጃው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ በሰፊው ይነገርለታል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ከምድጃው የወጣው ጭስ የት እንደሚሄድ መከታተል የባለቤቱ ሥራ ነው። ከኋላው ባለው ቀዳዳ ላይ ቱቦ ከተገጠመ ቱቦው እንደ ማንኛውም ቱቦ ጥቀርሻ ይይዛል። ካልተገጠመም ጭሱ ማድ ቤቱ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፦ እሳቱን አጥፍተው ከሥር ይመልከቱ። አንድ ሙሉ ቀን ምንም አይንደድበት። አመዱን ይጥረጉ፣ አፍና አፍንጫዎን በጨርቅ ይሸፍኑ፣ የስልክዎን ባትሪ አብርተው ቪዲዮ እየቀረጹ እጅዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ። ከዚያ ተረጋግተው ያዩታል። ሰማዩ ክብ ሆኖ ካልታየ ወይ ማውጫው ጠማማ ነው ወይ ተዘግቷል። ቀጥሎ በአሮጌ ቢላዋ ጫፍ ከግድግዳው ላይ ፋቅ ያድርጉ። እንደ ዱቄት የሚረግፍ ጥላሸት ከሆነ በብሩሽ ይነሳል። በቅርፊት በቅርፊት የሚነሳ ከሆነ ጊዜው አልፏል። የሚያብረቀርቅ፣ ቢላዋው ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ቅጥራን ከሆነ ግን ምድጃውን አይለኩሱት፤ አደገኛው እሱ ነው፣ በብሩሽም አይወጣም፣ ብዙ ጊዜ ቱቦውን መለወጥ ይቀላል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን ሳይጸዳ እሳት አይነድበትም።

አራተኛ፦ ባለሙያውን ይጥሩ፣ ጥያቄውንም ይዘው ይጠብቁት። ሰውየው መሰላል ላይ ወጥቶ ቱቦውን ሁለቴ መታ መታ ያደርግና «እትዬ፣ ምንም አልሆነም፣ ገና ይሠራል» ብሎ ይወርዳል። እርስዎም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሻይ ያቀርባሉ። በዚህ መንገድ ምንም አልተፈተሸም። ክፍያውን ከመነጋገርዎ በፊት ይህን ይንገሩት፦ «ወንድሜ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፎቶ አንሳልኝ፤ ስፌቱን በሚስማር ጫፍ ሞክርልኝ፤ ጣሪያውን የሚያልፍበት ቦታ ላይ ኮርኒሱን ከፍተህ እንጨቱን አሳየኝ።» ሚስማሩ በቀላሉ ከገባ ቱቦው አልቋል። ፎቶ ለማንሳት የማይፈልግ ሠራተኛ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ጅማ ብረት በያጅ አልጠፋባትም።

ከሁሉ በላይ የምለምነው ያ ኮርኒስ የሚከፈትበትን ጉዳይ ነው። የቤታችን ጣሪያ ከቆርቆሮው ሥር ሞራሌና ማገር ነው፤ ከዚያ በታች ችፑድ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ አለ። ነጠላ የብረት ቱቦ ከሚቃጠል ነገር 45 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። የእኛ ቤት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሞራሌው ቱቦውን ነክቶት ያልፋል። እንጨት ለዓመታት በትንሽ በትንሹ ሲሞቅ ከውስጥ ይከስላል፣ ከዚያ በኋላ ድሮ በማያቀጣጥለው ሙቀት ይቀጣጠላል። «አሥር ዓመት ምንም ያልሆነ ቤት» የሚባለው ዋስትና የማይሆነውም ለዚህ ነው። የእንጨትና የጭቃ ቤት ከሆነና ቱቦው በግድግዳው በኩል ከወጣ ጥንቃቄው ይብሳል፤ ከልስኑ ጀርባ ማገርና ጭድ አለና እሳቱ ግድግዳው ውስጥ ሰዓታት ሊጨስ ይችላል። ግንበኛው በቱቦው ዙሪያ ያለውን ጭቃና እንጨት ቆርጦ አውጥቶ፣ ክፍተቱን በብሎኬት ወይም በጡብ ይዝጋው።

አምስተኛ፦ ጣሪያው ላይ። ቱቦው ጣሪያውን ከሚያልፍበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም ነገርም በ60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ጎረቤት ፎቅ ከሠራ ወዲህ ጭሱ ወደ ማድ ቤት መመለስ ከጀመረ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ነፋሱ ከግንቡ ጋር ተጋጭቶ ወደ ታች ይጫነዋል። ዝናብ የሚከልል ኮፍያ ይኑረው፣ በኮፍያውና በቱቦው አፍ መካከልም ሰፊ ክፍተት ይተው። ሳይነድበት የቆየ ቱቦ ውስጥ ወፍ ጎጆ ትሠራለች፣ ተርብም ይገባል፤ ስለዚህ ሠራተኛው እጁን ከማስገባቱ በፊት ይይ። የቆርቆሮውን ቀዳዳ ለመድፈን ካትራሜ የሚቀቡ አሉ። ካትራሜ ይነዳል። ከጋለ ቱቦ ጋር አይገናኝ፤ በቱቦው ዙሪያ ሰፊ የላሜራ አንገት ይበየድለት።

ስድስተኛ፦ ይጸዳ። የቱቦውን ስፋት የሚያህል የሽቦ ብሩሽ በገመድ ይታሰርና ክብደት ይንጠልጠልበት፤ ከላይ ወደ ታች ይመላለስ። የምድጃው አፍ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፣ አለበለዚያ ጥላሸቱ ድስቱም አልጋውም ላይ ያርፋል። ጋዝ አርከፍክፎ «ይቃጠልና ይጥራ» የሚሉ አሉ፤ ይህ የፈሩትን እሳት በገዛ እጅ መለኮስ ነው።

ሰባተኛ፦ የጭስ ሙከራ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ባለሙያ የሠራውን ሥራ የሚያረጋግጠው ግን እሱ ነው። ምድጃው ላይ ትንሽ እሳት ያንድዱና እርጥብ ቅጠል ይጨምሩበት። ጭሱ በደንብ መውጣት ሲጀምር ጣሪያ ላይ ያለው ሰው የቱቦውን አፍ በእርጥብ ጆንያ ለአጭር ጊዜ ይሸፍን። በር መስኮቱ ክፍት ይሁን። አሁን ከስፌቱ፣ ከግድግዳው ስንጥቅ፣ ከኮርኒሱ ሥር ጭስ ይወጣ እንደሆነ ዞረው ይመልከቱ። ማድ ቤቱ ከመኝታ ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ መኝታ ክፍሉንም ይዩ፤ አልጋው ራስጌ ጋ የምትወጣ ቀጭን ጭስ ብትኖር ከዓመቱ ወጪ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያላት ግኝት ናት። የወጣበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ያመልክቱ፣ ጥገናውም በዚያው ይጀመር።

ይህን ሁሉ የሠራ ሰውም የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የከሰል ምድጃ ጭስ ማውጫ የለውም። በሐምሌ ብርድ ቡናው ከተፈላ በኋላ ፍሙን ይዞ ወደ መኝታ ቤት መግባት የተለመደ ነው፤ ፍሙ ስለማይጨስም ሰው አያስፈራውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት የሚወጣው ግን ጭስ ከሌለው ከዚያ ፍም ነው። ጀበናው ሲነሳ ፍሙም ከቤት ይውጣ። ቤት ውስጥ ያሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካቅለሸለሻቸው፣ ትኩሳት ከሌላቸውና ደጅ ሲወጡ ሻል ካላቸው ምክንያቱ ምግብ ላይሆን ይችላል። ሁሉንም ወደ አየር ያውጡ፣ ራሱን የሳተ ካለ ወዲያውኑ ወደ ጅማ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደሚቀርበው ሆስፒታል ይውሰዱ። ሲደርሱ «ከሰል ነበር» ብለው ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነውና ሰዓት ይቆጥባል።

ቱቦው ውስጥ እሳት ከተያያዘ የሚያገሳ ድምፅ ይሰማል፣ ብረቱም ይቀላል። ሰው ይውጣ፣ የምድጃው አፍ በአመድ ወይም በአፈር ይታፈን፣ የከተማው እሳት አደጋ ይጠራ፤ ስልኩን አስቀድመው በሩ ጀርባ ይለጥፉ። በጋለ ግንብ ላይ ውሃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል። እሳቱ በራሱ ቢጠፋም እንደገና ከመለኮስዎ በፊት ከሦስተኛው ደረጃ ጀምረው ይድገሙት።

ሰርቪስ ቤት የሚያከራዩ ከሆነ ወጪው የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ያስጽፉ። ተከራይ ኮርኒስ ከፍቶ ሞራሌ አይቆርጥም፤ ስለዚህ የቱቦውና የጣሪያው ሥራ የአከራይ ይሁን፣ የአመዱና የዘወትር ጥርጊያው የተከራይ። የተፈተሸበትን ቀንና የሠራተኛውን ስልክ ማድ ቤቱ በር ላይ በቀለም ይጻፉት፤ ቀጥሎ የሚገባው ተከራይ ያነበዋል።