ጭነት ማሰሪያ ገመድ ሰው አይሸከምም

ሐዋሳ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥለው እንጀራቸውን የሚያገኙ ሰዎች አሉ፤ የፎቅ ቀለም ቀቢዎች፣ መስታወት አጽጂዎች፣ የማስታወቂያ ሸራ ሰቃዮች፣ የትልልቅ ዛፎችን ቅርንጫፍ የሚቆርጡ። ይህ ምክር ለእነርሱ፣ ሥራ ለሚሰጧቸው ፎርማኖችና ለሕንጻ ባለቤቶችም ነው። ገበያ ውስጥ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው፣ የአይሱዙ ጭነት የሚታሰርበት ባለቀለም የፕላስቲክ ገመድ ለሰው ታስቦ አልተሠራም። ውፍረቱ አያታልላችሁ።

ያ ገመድ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ጠላቱም ፀሐይ ናት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ለምድር ወገብም ቀረብ ብላ ያለች ከተማ ስለሆነች ጨረሩ ብርቱ ነው። ጣሪያ ላይ የከረመ የፕላስቲክ ገመድ ቀለሙ ይነጣል፣ ሲያሹት እንደ ዱቄት ይራገፋል፣ ሲያጥፉት ክሩ ይሰባበራል። ግለትም አይችልም፤ 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ገመድ በገመድ ላይ በፍጥነት ሲንሸራተት ሰበቃው ለዚያ የሚበቃ ሙቀት ሊፈጥር ይችላል። የቃጫ ገመድ ደግሞ እርጥበት ጠጥቶ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ላዩ ግን ደህና ይመስላል።

ሻጩ «ናይለን ነው» ካላችሁ ቀላል መፈተኛ አለ። ትንሽ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አየሩ እስኪወጣ ጨመቅ ጨመቅ አድርጓት። ከተንሳፈፈች ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኢትሊን ናት፤ ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ። መስመጧ ግን ገመዱ ሰው ለመያዝ ይበቃል ማለት አይደለም። ናይለን ሆኖም ለጭነት ብቻ የተሠራ ገመድ ሞልቷል።

«ተንጠልጥዬ ሞክሬዋለሁ፣ ኪሎዬን ችሏል» የሚለው አባባል በጣም ያሳስበኛል። ገመድ የሚፈተነው ሰው በእርጋታ ሲንጠለጠልበት ሳይሆን ሲወድቅበት ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ሜትር ወድቆ ገመዱ በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢያስቆመው፣ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ ከ600 ኪሎ ክብደት ይበልጣል። በዚያ ላይ ቋጠሮ ብቻውን የገመዱን ጉልበት ከሲሶ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ያረጀ፣ የተቋጠረ፣ የግንብ ጠርዝ የላገው ገመድ ምን ያህል እንደቀረው ከዚህ አስሉት።

ለሥራ የሚሆነው ገመድ ጉልበት የሚሰጥ እምብርትና እምብርቱን የሚጠብቅ ሽፋን አለው። ኢኤን 1891 የተባለውን የአውሮፓ ደረጃ የሚያሟላ «ኤ» ዓይነት ገመድ ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ2,200 ኪሎ በላይ ክብደት የሚያህል ኃይል መቋቋም ይጠበቅበታል። እውነተኛው ገመድ በውስጡ የአምራቹ ስም፣ የደረጃው ቁጥርና የተሠራበት ዓመት የተጻፈበት ቀጭን ጥብጣብ አለው። ጫፉን አይታችሁ ጥብጣቡን ካጣችሁ አትግዙ።

ጥሩውም ገመድ ቢሆን ብቻውን አይታመንም። ትግራይ ውስጥ ወዳለው ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው ወፍራሙን የጠፍር ገመድ በእጁ ይዞ 15 ሜትር ያህል ገደል ሲወጣ፣ ወገቡ ላይ የታሰረውን ሌላ ጠፍር ከላይ ያለ መነኩሴ ይስብለታል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በገመድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ደንብም ይኸው ነው፤ አንዱ መሥሪያ፣ ሌላው መጠባበቂያ፣ ሁለቱም በተለያየ ቦታ የታሰሩ። መጠባበቂያው ላይ ስትወድቁ የሚነክስ መያዣ ይኑር። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ አከርካሪን ሊጎዳ ስለሚችል ትከሻና ጭንን ጭምር የሚይዘውን ሴፍቲ ቤልት ልበሱ።

ማሰሪያውን ኮለን ወይም ቢም ላይ አድርጉት። የውሃ ታንከር፣ የዲሽ ብረት፣ የቧንቧ መስመር፣ የብሎኬት አጥር ሰው አያስቆሙም። ገመዱ የቆርቆሮ ወይም የኮንክሪት ጠርዝ የሚነካበት ቦታ ላይ ወፍራም ሸራ ደራርባችሁ አንጥፉ፤ እንዳይንሸራተትም እሰሩት።

ጠዋት ጠዋት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቻችሁ መካከል አሳልፉት። የሳሳ፣ ያበጠ፣ የደረቀ፣ የጠነከረ ወይም ሽፋኑ ተቀዶ እምብርቱ የታየ ቦታ ካገኛችሁ ሥራው ለዚያ ቀን ይቁም። በረኪና ወይም የባትሪ አሲድ የነካው ናይለን ምልክት ሳያሳይ ሊደክም ስለሚችል ከቀለምና ከኬሚካል ለይታችሁ አስቀምጡት። ሲቆሽሽ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ተነጋገሩ፤ ወድቃችሁ ተንጠልጥላችሁ ብትቀሩ ማን፣ በምን ያወርዳችኋል? ሳይንቀሳቀስ በሴፍቲ ቤልት የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ብቻችሁን አትሥሩ።

ወጪው ቀላል አይደለም፤ በቀን ክፍያ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይከብዳል። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብን ግዴታ አሠሪው ላይ ጥሏል፤ ሠራተኛውም በመሣሪያው የመጠቀምና ጉድለት ሲያይ ወዲያው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሥራውን በኮንትራት የምትይዙ ደግሞ የገመዱን ዋጋ ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ፤ ደንበኛው እንዲያየውም ለብቻው ጻፉት።

ተበላሽቶ ከሥራ የወጣ ገመድ ሳይቆራረጥ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አይቀመጥ። መበላሸቱን እናንተ ብታውቁም አዲስ የተቀጠረ ልጅ አያውቅም። በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቆራርጣችሁ አስወግዱት።